የባጃጅ ሲሊንደር ከልኩ ሲሰፋ፦ ፋሻ መቀየር፣ ቦር ማስደረግ፣ ስሊቭ ማስገባት ወይስ አዲስ ሲሊንደር?

ድሬዳዋ ውስጥ ሞተሩ ተፈትቶ ሲሊንደሩ በወጣለት ባጃጅ ዙሪያ የሚደረገው ክርክር አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከዋጋ ነው። መካኒኩ ፋሻ (በሲሊንደሩ ውስጥ በሚመላለሰው ፒስተን ዙሪያ ያሉትን የብረት ቀለበቶች) ብቻ ቀይሮ መሞከርን ይመርጣል፤ የቀን ገቢ የሚያስገባው ሹፌር ነገ ጠዋት ሥራ ላይ መዋል ስላለበት ሙሉ ሲሊንደር ከነፒስተኑ እንዲገዛለት ይገፋፋል፤ ባለንብረቱ ደግሞ ቶርኖ ቤት (የብረት መቅረጫ ማሽን ያለበት) ወስዶ ማስፋት እንደሚረክስ ሰምቷል። ሦስቱም ሐሳቦች እንደየሁኔታው ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ፤ የሚዳኛቸው ግን ሲሊንደሩ ምን ያህል፣ የት ላይና በየትኛው ጎን እንደተበላ የሚያሳየው ልኬት ነው። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ አማራጮቹን ከማወዳደሩ በፊት ስለ ልኬት ጠበቅ አድርጎ ይናገራል፤ ያለ ልኬት የሚደረግ ንጽጽር የዋጋ ዝርዝር ከመሆን አያልፍምና።

አቋሜን ከወዲሁ ልግለጽ። ሲሊንደሩ ገና ሊሰፋ የሚችል ብረት ካለው፣ ጥሩ ፒስተን ከተገኘና ልክ የሚያውቅ የቶርኖ ባለሙያ ካለ፣ ቦር ማስደረግ (ሲሊንደሩን በማሽን ማስፋት) ከቀሩት ሁሉ ይሻላል። ከሦስቱ አንዱ ሲጎድል ግን ምርጫው ይለወጣል፤ የሚለወጥበትም ምክንያት እያንዳንዱ ሊታይ ይገባዋል።

በቅድሚያ ጥፋቱ የሲሊንደሩ መሆኑን ማረጋገጥ

ዘይት የሚበላ ሞተር ሁሉ ሲሊንደሩ ሰፍቷል ማለት አይደለም። ባለ አራት ስትሮክ (በአራት ምት አንዴ የሚያቃጥል) በሆነው ባጃጅ ላይ ዘይት ወደ ማቃጠያው ክፍል የሚገባባቸው ሁለት ዋና መንገዶች አሉ፦ አንዱ ከታች በፋሻዎቹ በኩል፣ ሌላው ከላይ በቫልቭ ጎሚኒዎች (ዘይት በሚያግዱት የጎማ ማሸጊያዎች) በኩል። ሁለቱን ለመለየት ዳገትና ቁልቁለት ያለበት አካባቢ ራሱ ጥሩ መሣሪያ ነው። በድሬዳዋና በሐረር መካከል ካለው ከደንገጎ ተራራ አቅጣጫ ነዳጅ ዘግቶ ረጅም ቁልቁለት በሚወርድ ሞተር ውስጥ የሚፈጠረው የመምጠጥ ኃይል ዘይቱን በቫልቮቹ ግንድ ዙሪያ ወደ ውስጥ ይጎትተዋል፤ ሜዳው ላይ ደርሶ ነዳጅ ሲሰጥ አንድ ጊዜ ብቻ ቡልቅ ብሎ የሚጠራ ሰማያዊ ጭስ ከታየ ተጠርጣሪዎቹ ጎሚኒዎቹ ናቸው። በተቃራኒው ጭነት ይዞ ዳገት በሚወጣበት ጊዜ ሁሉ ጭሱ ሳያቋርጥ ከወጣ፣ በዘይት መተንፈሻው ቱቦም አየር በኃይል የሚገፋ ከሆነ፣ ነገሩ ወደ ፋሻና ወደ ሲሊንደር ያመለክታል። ጥቁር ጭስ ከሁለቱም ጋር ግንኙነት የለውም፤ እርሱ የካርቡራተር ወይም የተደፈነ የአየር ማጣሪያ ጉዳይ ነው። ቤንዚን ከዘይት ጋር ተደባልቆ የሚቃጠልበት የድሮው ባለ ሁለት ስትሮክ ባጃጅ ደግሞ በተፈጥሮው ስለሚያጨስ፣ በጭሱ ቀለም ብቻ ምንም ሊፈረድበት አይገባም።

ሌላው ፈተና የኮምፕሬሽን (በሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቀው አየር ግፊት) መለኪያ ነው። ካንዴላው ይወጣና ግፊቱ ይለካል፤ ከዚያ አንድ ማንኪያ ያህል የሞተር ዘይት በካንዴላው ቀዳዳ ገብቶ እንደገና ይለካል። ዘይቱ በፋሻዎቹና በሲሊንደሩ ግድግዳ መካከል ያለውን ክፍተት ለጊዜው ስለሚደፍን፣ ግፊቱ ጉልህ በሆነ መጠን ከጨመረ ሲሊንደሩ ወይም ፋሻው አልቋል ማለት ነው፤ ካልጨመረ ግን ቫልቮቹ መታየት አለባቸው። እዚህ ላይ ብዙዎች የማያስተውሉት አንድ ነገር አለ። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ በ1,200 ሜትር አካባቢ ስትገኝ ሐረር ወደ 1,900 ሜትር ትጠጋለች፤ የአየሩ ግፊት ከከፍታ ጋር ስለሚቀንስ፣ ያው ሞተር ሐረር ላይ ሲለካ ድሬዳዋ ላይ ካሳየው ወደ 8 በመቶ ያነሰ ግፊት ያሳያል። ድሬዳዋ ተለክቶ «ደኅና ነው» የተባለ ሞተር ሐረር ላይ «ደክሟል» ቢባል፣ ከሁለቱ መካኒኮች አንዱ ተሳስቷል ማለት አይደለም።

ልኩን ማወቅ

ሲሊንደር ከላይ እስከ ታች እኩል አይበላም። ከፍተኛው መበላት የሚታየው የላይኛው ፋሻ ወደ ታች ለመመለስ በሚቆምበት ከፍታ ላይ ነው፤ እዚያ ሙቀቱ ይበረታል፣ የቃጠሎው ግፊት ፋሻውን ወደ ግድግዳው ይጫነዋል፣ ዘይቱም እጅግ ይሳሳል። ከዚያ በላይ ፋሻ የማይደርስበት ጠባብ ቀለበት ሳይበላ ስለሚቀር በጣት ሲዳሰስ እንደ ከንፈር ይሰማል። በዙሪያውም ቢሆን መበላቱ እኩል አይደለም፤ ፒስተኑ በቤላው (ከክራንኩ ጋር በሚያያይዘው ዘንግ) ግፊት የሚደገፍባቸው ሁለት ጎኖች ከቀሩት ይበልጥ ስለሚበሉ፣ ክብ የነበረው ሲሊንደር ሞላላ ይሆናል።

ይህን ሁሉ በአግባቡ የሚያሳየው ሰዓት ያለው የውስጥ ስፋት መለኪያና ማይክሮሜትር ነው። ተራው ካሊፐር ለዚህ ሥራ አይበቃም፤ እዚህ የምንነጋገረው ስለ ሚሊሜትር መቶኛዎች ነውና። መለኪያው የሌለው ባለንብረት ግን በአንድ ፋሻና በክፍተት መለኪያ ምላጭ ብዙ ማወቅ ይችላል። ፋሻውን ብቻውን ወደ ሲሊንደሩ አስገብቶ፣ በፒስተኑ ራስ ቀጥ እንዲል ገፍቶ፣ በሁለቱ ጫፎቹ መካከል ያለውን ክፍተት መጀመሪያ ፋሻ በማይደርስበት በታችኛው ጫፍ፣ ቀጥሎ ከላይኛው ከንፈር ዝቅ ብሎ ይለካል። የክብ ዙሪያ ከስፋቱ 3.14 እጥፍ ስለሆነ፣ የሁለቱ ክፍተቶች ልዩነት ለ3.14 ሲካፈል ሲሊንደሩ ላይኛው በኩል ምን ያህል እንደሰፋ ይነግራል። ለምሳሌ ከታች 0.25፣ ከላይ 0.70 ሚሊሜትር ከተለካ፣ ልዩነቱ 0.45 ነው፤ ለ3.14 ሲካፈል ደግሞ የስፋቱ ጭማሪ 0.14 ሚሊሜትር ግድም ይሆናል። ፋሻው አሮጌ ቢሆን እንኳ መበላቱ ሁለቱንም ንባቦች እኩል ስለሚጨምር ልዩነቱን አያዛባውም። ይህ ዘዴ ሞላላነቱን አያሳይም፤ ቢሆንም «ፋሻ ብቻ ይበቃል» የሚለውን ክርክር ጋራዥ ውስጥ በአሥር ደቂቃ ይፈታል።

ፋሻ ብቻ መቀየር

ከሁሉም ርካሽ የሆነውና በአንድ ከሰዓት የሚያልቀው አማራጭ ይህ ነው፤ ከሁሉም ይበልጥ ያለ ቦታው የሚመረጠውም ይኸው ነው። አዲስ ፋሻ የሲሊንደሩን ስፋት አይመልስም። ሞላላ በሆነ ግድግዳ ላይ ክብ ፋሻ ሲገባ በሁለት ጎን ይነካል፣ በሁለት ጎን ብርሃን ያሳልፋል፤ ወደ ላይ እየሰፋ በሚሄድ ሲሊንደር ውስጥ ደግሞ በእያንዳንዱ ምት ሲከፈትና ሲዘጋ ስለሚውል ቶሎ ይደክማል። የላይኛው ከንፈር ሳይነሣ የገባ አዲስ ፋሻ፣ ጠርዙ ያልተበላና ስለታም ስለሆነ፣ ከንፈሩን እየመታ ሊሰበርም ይችላል።

እኔ የምይዘው ወሰን እንዲህ ነው፦ ከላይ በተገለጸው ዘዴ የተገኘው የስፋት ጭማሪ ከ0.05 ሚሊሜትር ካልበለጠ፣ ግድግዳው ላይ ጥፍር የሚይዝ ጭረት ከሌለ፣ የፒስተኑም ቦዮች ፋሻውን ሳያወዛውዙ የሚይዙ ከሆነ፣ ፋሻ መቀየር ትክክለኛ ውሳኔ ነው። ከዚያ በላይ ከሆነ ግን ገንዘቡ የሚወጣው ለጥገና ሳይሆን ለጥቂት ሳምንታት ዕረፍት ነው። ባጃጁን ለመሸጥ ያሰበ ሰው ይህን አማራጭ ለምን እንደሚወድ ለመረዳት አያስቸግርም፤ ያገለገለ ባጃጅ የሚገዛ ሰውም «ፋሻው አዲስ ነው» ሲባል ደስ ከመሰኘቱ በፊት ስለ ሲሊንደሩ ልክ ቢጠይቅ ይሻላል።

ቦር ማስደረግ

ይህ አማራጭ የተበላውን ሲሊንደር በማሽን አስፍቶ፣ ቀጥና ክብ አድርጎ፣ ከመደበኛው ከፍ ያለ ልክ ያለው ፒስተን ማስገባት ነው። ከፍ ያሉ ፒስተኖች በተለምዶ በ0.25 ሚሊሜትር ደረጃ እየጨመሩ ይመጣሉ፤ 0.25፣ 0.50 እና ከዚያም በላይ፤ ልካቸውም አብዛኛውን ጊዜ በፒስተኑ ራስ ላይ ተቀርጾ ይገኛል። ሲሊንደሩ ከዚህ በፊት ቦር ተደርጎ እንደሆነ ለማወቅም መጀመሪያ የሚታየው ይኸው ቁጥር ነው።

ሥራው ከመጀመሩ በፊት ማግኔት ወደ ሲሊንደሩ ግድግዳ ማስጠጋት ይገባል። ግድግዳው የብረት ከሆነ ማግኔቱ ይይዛል፣ ቦርም ይቀበላል። ካልያዘ ግን ግድግዳው አሉሚኒየም ሆኖ በላዩ ስስ ጠንካራ ሽፋን የተለበጠ ነው፤ እንዲህ ያለው በተራ ቶርኖ ቢሰፋ ሽፋኑ ተገፎ የሚቀረው ለስላሳ አሉሚኒየም ብቻ ስለሚሆን ሲሊንደሩ ይበላሻል።

ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው «በ0.25 ይጠራል ወይስ 0.50 ያስፈልገዋል?» የሚለው ነው። በምሳሌያችን ሲሊንደሩ 0.14 ሚሊሜትር ስለሰፋ 0.25 የሚበቃ ይመስላል። ነገር ግን መበላቱ ወደ አንድ ጎን ያደላ ከሆነ፣ ያ 0.14 በሙሉ በአንድ በኩል ሊሆን ይችላል፤ የሲሊንደሩን የመጀመሪያ መሐል ሳይለቁ ያንን ጎን ለማጥራት ደግሞ ከሁሉም ጎን ያንኑ ያህል ማንሣት፣ ማለትም ስፋቱን በ0.28 መጨመር ያስፈልጋል። ስለዚህ 0.25 አይበቃም። አንዳንድ ባለሙያዎች ትንሹን ልክ ለማዳን ሲሉ መሐሉን ወደ ተበላው ጎን ያዛውሩታል፤ ይህ ላይ ላዩን ብልሃት ቢመስልም ፒስተኑ ከክራንኩ ጋር የነበረውን ቀጥተኛነት ያጠፋዋል። እንዲህ ባለ ጊዜ ሳያንገራግሩ ወደ 0.50 ማለፍ ይሻላል።

ሁለተኛው ጥያቄ ክፍተቱ ነው። በአየር በሚቀዘቅዙ አነስተኛ ባለ አራት ስትሮክ ሞተሮች በፒስተኑና በግድግዳው መካከል የሚተወው ክፍተት በአብዛኛው ከ0.03 እስከ 0.06 ሚሊሜትር ባለው ውስጥ ይወድቃል፤ ትክክለኛው ቁጥር ግን የፒስተኑ አምራች የሰጠው ነው። በጣም ከጠበበ፣ ከሲሊንደሩ ቀድሞ የሚሞቀው ፒስተን ይሰፋና ዳገት ላይ ከግድግዳው ጋር ይጣበቃል፤ በጣም ከሰፋ ደግሞ ሞተሩ ገና ሳይሞቅ ይንኳኳል፣ ፋሻዎቹም አይረጉም። ከዚህ የሚከተለው ሕግ አንድ ነው፦ ፒስተኑ ቀድሞ ይገዛል፣ በማይክሮሜትር ከፒኑ (ፒስተኑን ከቤላው ጋር ከሚያያይዘው አጭር ዘንግ) አቅጣጫ በተሻገረ መልኩ ቀሚሱ (የታችኛው ጎኑ) ላይ ይለካል፣ ከዚያ ሲሊንደሩ በዚያው በተገዛው ፒስተን ልክ ይሰፋል። «0.50 አድርግልኝ» ብሎ ሲሊንደሩን ብቻ ጥሎ የሚሄድ ደንበኛ፣ ፒስተኑ በኋላ ሲመጣ መቶኛዎቹ ባይገጥሙ ማንንም መውቀስ አይችልም፤ በተለያዩ አምራቾች የተሠሩ «0.50» ፒስተኖች በመቶኛ ደረጃ ይለያያሉና።

ለዚህ ሥራ ባለሙያ መምረጥ ፒስተን ከመምረጥ አያንስም። ድሬዳዋ በብረት ሥራ ረገድ ታሪኳ ከምድር ባቡሩ ጋር የተያያዘ ከተማ ናት። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1902 ወደዚህ ሲደርስ ሐረርን ትቶ በተራራው እግር ሥር የቀረው፣ ዳገቱ ለባቡር ስለከበደ ነበር፤ ከባቡሩ ጋር የመጣው የጥገና ዎርክሾፕም ከተማይቱን ከቶርኖ ጋር አስተዋውቋታል። ባቡሩን ያስቀረው ዳገት ዛሬ የባጃጅ ፒስተን ይፈትናል። ዞሮ ዞሮ ባለሙያን ለመመዘን ሁለት ጥያቄ ይበቃል። ሲሊንደሩን የሚያቆመው በየትኛው ፊት ነው? መልሱ በታችኛው ፊት፣ ከሞተሩ አካል ጋር በሚገጥምበት በኩል፣ መሆን አለበት፤ ቀጥተኛነቱ የሚለካው ከዚያ ነውና፣ የአሮጌ ጋስኬት ቅሪት እንኳ እዚያ ላይ ከቀረ ሥራው ያዘነብላል። ለመጨረሻው ማለስለሻ ምን ያህል ይተዋል? በቢላው የመጨረሻውን ልክ የሚጨርስ ባለሙያ የቢላውን ምልክት ግድግዳው ላይ ይተዋል፤ ጥቂት መቶኛዎችን አስቀርቶ በሆኒንግ ድንጋይ የሚጨርሰው ግን እርስ በርሳቸው የሚሻገሩ፣ ዘይት የሚይዙ ጥቃቅን መስመሮችን ያበጃል።

ቦር የተደረገ ሞተር ጉልበቱ ይጨምራል የሚል አነጋገር በሹፌሮች ዘንድ ይሰማል። 60 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ሲሊንደር በ0.50 ቢሰፋ ይዘቱ የሚጨምረው በ1.7 በመቶ ገደማ ነው። ሹፌሩ የሚሰማው የጉልበት ለውጥ ከዚህ የመጣ ሳይሆን ጠፍቶ የነበረው ኮምፕሬሽን በመመለሱ ነው።

ባለ ሁለት ስትሮክ ላለው ሰው አንድ ቃል መጨመር ያስፈልጋል። በዚያ ሲሊንደር ግድግዳ ላይ የጋዝ መስኮቶች ስላሉ፣ ከቦር በኋላ የመስኮቶቹ ጠርዝ በጥንቃቄ መሞረድ አለበት፤ አለዚያ ስለታሙ ጠርዝ ፋሻውን ይይዘዋል።

አዲስ ሲሊንደር ከነፒስተኑ

የዚህ አማራጭ ትልቁ ጥቅም ጊዜ ነው። ሲሊንደር፣ ፒስተን፣ ፋሻና ፒን በአንድ ካርቶን ይመጣሉ፤ ባጃጁም በማግስቱ ሥራ ላይ ይውላል። የቀን ገቢ ለሚጠብቅ ባለንብረት ሁለትና ሦስት ቀን ያለ ሥራ መቆም ራሱ ወጪ ስለሆነ፣ የዋጋው ልዩነት መመዘን ያለበት ከዚህ ጋር ተደምሮ ነው።

ጉዳቱ በካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ብቻ ማመን ነው። ኦሪጅናል የተባለ ነገር ሁሉ ኦሪጅናል አይደለም፤ ፎርጅዱ ደግሞ ማሸጊያው ይበልጥ ያምር ይሆናል። ስለዚህ አዲሱም ሲሊንደር እንደ አሮጌው ሊለካ ይገባል። ፋሻው ከላይም ከታችም ገብቶ ክፍተቱ እኩል መሆኑ ይታያል፤ ለ60 ሚሊሜትር ስፋት በተለምዶው ስሌት የሚጠበቀው ክፍተት 0.24 ሚሊሜትር አካባቢ ነው። ክፍተቱ እጅግ ጠብቦ ጫፎቹ ሊነካኩ ከቀረቡ በሙቀት ጊዜ ተገፋፍተው ግድግዳውን ይቧጭራሉ። የውስጡ ግድግዳ ከማሽን የቀረ የብረት ብናኝ ይዞ ሊመጣ ስለሚችል፣ ከመገጠሙ በፊት መታጠቡም ግድ ነው። በሻጩ መደብር ለመለካት ፈቃደኛ ያልሆነ ሻጭ ካጋጠመ ከሌላ መግዛት ይቻላል።

ስሊቭ ማስገባት

ስሊቭ የሚባለው በሲሊንደሩ ውስጥ ተገፍቶ የሚገባ አዲስ የብረት ቱቦ ነው። የመጨረሻው የቦር ልክ ላይ የደረሰ ወይም በጥልቅ የተቧጨረ ሲሊንደር በዚህ መንገድ ወደ መደበኛው ልክ ይመለሳል፤ መደበኛ ፒስተን ደግሞ ከሁሉም ይልቅ በገበያ የሚገኝ ነው። ሐረር ውስጥ የፔጆ 404 ባለቤት የሆነ አንባቢ ይህ ምን ያህል ቀላል እንደሆነ ሊነግረን ይችላል፤ የዚያ መኪና ሞተር ሲሠራ ጀምሮ ሲሊንደሮቹ በውሃ የተከበቡና ተነቅለው የሚወጡ ቱቦዎች ስለሆኑ፣ አሮጌው ወጥቶ አዲሱ ይገባል። ባጃጅ ግን እንዲህ አልተሠራም፤ ስለዚህ ከፔጆ የመጣው ልምድ እዚህ አያገለግልም።

ችግሩ ሙቀት ነው። የሲሊንደሩ አካል አሉሚኒየም፣ ስሊቩ ብረት ሲሆን፣ አሉሚኒየም በሙቀት የሚሰፋው ብረት ከሚሰፋው እጥፍ ገደማ ነው። 60 ሚሊሜትር ስፋት ላይ የ100 ዲግሪ ሙቀት ጭማሪ አሉሚኒየሙን በ0.14 ሚሊሜትር አካባቢ፣ ብረቱን በ0.07 አካባቢ ያሰፋዋል። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ስሊቩ ተጨናንቆ የተያዘ ካልሆነ፣ ሞተሩ ሲሞቅ በመካከላቸው ክፍተት ይፈጠራል፤ ያኔ ስሊቩ ሊንሸራተት ወይም ሊዞር ይችላል፣ ሙቀቱም ወደ ክንፎቹ አይተላለፍም። በድሬዳዋ ሙቀት ውስጥ፣ በማራገቢያ ብቻ ለሚቀዘቅዝ ሞተር፣ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በትክክል የሚሠራው ሲሊንደሩ በእኩል ሙቀት ሞቆ፣ ስሊቩ ቀዝቅዞ፣ በአንድ ጊዜ እስከ መጨረሻው ሲገባ ነው፤ ከላይም ቴስታታው (የሲሊንደሩ ክዳን) የሚጫነው ጠርዝ ሊኖረው ይገባል። ከገባም በኋላ ስለሚጨመቅ የመጨረሻው ቦርና ሆኒንግ ያኔ ይደረጋል። በመዶሻ እየተመታ የሚገባ ስሊቭ ካዩ ሲሊንደርዎን ተቀብለው ቢወጡ ይሻላል።

በእኔ ግምት ስሊቭ የሚመረጠው ምትክ ሲሊንደር በገበያ ሲጠፋ ነው፤ በተለይ ለድሮዎቹ ባለ ሁለት ስትሮኮች።

እንደየሁኔታው መወሰን

በመጀመሪያ ልኩ ላይ ያለ ሲሊንደር ይዞ፣ ባጃጁን ለዓመታት ለማሠራት ያሰበ ባለንብረት ቦር ቢያስደርግ ይጠቀማል፤ ቀጥሎ የሚሰፋበት ደረጃም ይተርፈዋል። ሲሊንደሩ ቀድሞ ወደ ከፍተኛው ልክ ከደረሰ ወይም የሚታመን ቶርኖ ከሌለ፣ ተለክቶ የተገዛ አዲስ ሲሊንደር ይሻላል። የከተማ ውስጥ ሜዳ ብቻ ከሚሠራ፣ ለምሳሌ ድሬዳዋ ውስጥ ከከዚራ ሰፈር ሳቢያን ከሚመላለስ ባጃጅ ይልቅ፣ ሐረር ውስጥ ዳገት ለዳገት የሚውለው ለክፍተት ስሕተት ይቅርታ የለውም፤ ስለዚህ ለዚህኛው ርካሹን ፒስተን መምረጥ አይመከርም። የገንዘብ እጥረት ካስገደደ ደግሞ ፋሻ ቀይሮ እየሠሩ ለቦሩ መቆጠብ ነውር የለውም፤ ይህ ግን ለጊዜው መሆኑን ባለንብረቱም ሹፌሩም ተነጋግረው ሊያውቁት ይገባል።

ከምርጫው በኋላ

ከሆኒንግ የሚቀረው የድንጋይ ብናኝ በቤንዚን አይጠራም፤ ቤንዚን ዘይቱን አጥቦ ብናኙን በመስመሮቹ ውስጥ ይተወዋል። ሲሊንደሩ በሙቅ ውሃና በሳሙና፣ ነጭ ጨርቅ ሲጠረግበት እስከማይጠቁር ድረስ ታጥቦ፣ ወዲያው ደርቆ ዘይት ይቀባል። የማራገቢያው ሽፋን «ያለ እርሱ ይበልጥ አየር ያገኛል» ተብሎ ተፈትቶ እንዳይቀር፤ አየሩን ወደ ሲሊንደሩ ክንፎች የሚመራው እርሱ ነው። በክንፎቹ መካከል የተጋገረው አቧራና ዘይትም አብሮ ይጸዳል፤ ሲሊንደሩን ቶሎ የሚበላው አቧራ ስለሆነ የአየር ማጣሪያውም ሳይታይ ሞተሩ አይዘጋም።

በመጀመሪያዎቹ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች ሞተሩ ያለ ሥራ በርቶ እንዲቆይ ማድረግም፣ ጭነት ጭኖ ደንገጎን ማስወጣትም አይገባም፤ በሜዳ ላይ፣ በቀላል ጭነት፣ ነዳጁን እየሰጡና እየቀነሱ መንዳት ፋሻዎቹ ከግድግዳው ጋር እንዲላመዱ ያደርጋል። ከዚያ ዘይቱ ከተለመደው ጊዜ ቀድሞ ይቀየራል፤ ፋሻዎቹ ሲላመዱ የወጣው የብረት ብናኝ በውስጡ ነውና። በመጨረሻም የገባው ፒስተን ልክና የተተወው ክፍተት በባጃጁ ደብተር ላይ ይጻፍ፣ ልኩም በሲሊንደሩ ውጫዊ አካል ላይ በፖንሳ ይመታ፤ ቀጥሎ ሞተሩን የሚፈታው መካኒክ ቴስታታውን ከማንሣቱ በፊት ስንት ደረጃ እንደቀረው ያውቃል።